የአሮጌ መኪና ሞተር ይለወጥ ወይስ ይታደስ?
በቆቦና በራያ ቆላ ለሚሠራ ነጋዴ የቀረበ የሒሳብ ጥያቄ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ ሰሜን የሚያልፈው አውራ ጎዳና ከወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ቆቦ ይደርሳል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ግድም በሆነ ሰፊ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ በስተምዕራብ የላስታ ከፍተኛ ተራሮች፣ በስተምሥራቅ ደግሞ የዞብል ተራራ ይታዩባታል። ከዚህ ሜዳ ማሽላውና ጤፉ፣ በጉድጓድ ውኃ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ከቆላውም የሚነዳው ከብትና ግመል ወደ ገበያ ይወጣል።

አውራ ጎዳናው አስፋልት ነው። ይሁን እንጂ የነጋዴው ዕቃ የሚገኘው በአስፋልቱ ዳር አይደለም። እህሉ ያለው በአውድማው ላይ፣ አትክልቱ ያለው በማሳው ውስጥ ነው። ወደዚያ ለመድረስ እንደ ጎሊናና እንደ ሆርማት ያሉትን ወንዞች አሸዋ መሻገር፣ በክረምትም እግር የሚይዘውን ጥቁር የመረሬ አፈር ማለፍ ያስፈልጋል። ወደ ዞብል ለመውጣት ደግሞ ዳገቱ አለ። ስለዚህ አራቱም ጎማው የሚገፋ መኪና ለዚህ አገር ነጋዴ የጌጥ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሚዛኑና እንደ መጋዘኑ የሥራ መሣሪያው ነው።

የዚህ ዓይነቱ መኪና ታሪክ ከአገሪቱ የመንገድ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ላንድ ሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ በአምስተርዳም ትርኢት ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሆን፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን የተቋቋመው ከዚያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ባለ 40 ቁጥሩ የቶዮታ ላንድ ክሩዘር እ.ኤ.አ. በ1960 ወጣ። በዚያው ዘመን አካባቢ በቆቦና በጨርጨር ሜዳ የወባ መከላከያ የሙከራ ሥራ ይካሄድ ነበርና፣ የራያ ቆላ ከዋናው መንገድ ወጥቶ መሥራት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ከቀድሞ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው አርባና ሃምሳ ዓመት ሞልቶ ዛሬም በየገጠሩ መንገድ ሰውና ጭነት ሲያመላልሱ ይታያሉ። አካላቸው ገና ጠንካራ ሆኖ ሞተራቸው ሲደክም ግን ባለቤቱ አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀርብለታል። ይኸውም ሞተሩ ይታደስ፣ ይለወጥ ወይስ መኪናው ይሸጥ የሚለው ነው።

ጥያቄው ዛሬ የከበደበት ምክንያት

ቀድሞ መልሱ ቀላል ነበር። መኪናው ሲያረጅ ተሸጦ፣ ጥቂት ገንዘብ ተጨምሮ፣ ከእርሱ የተሻለ ያገለገለ መኪና ይገዛ ነበር። ይህ በር ግን እየጠበበ መጣ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አገልግለው በሚገቡ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ የጣለ ሲሆን፣ ባረጁትና ሞተራቸው ትልቅ በሆነው ላይ እስከ ከመቶ 500 እጅ ይደርስ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚህ የተነሣ በእጅ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው ከፍ አለ፤ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫም አብሮ ተወደደ።

እንግዲህ ነገሩን በምሳሌ ለማየት አንድ የቆቦ የእህል ነጋዴ አለ እንበል። መኪናው ባለ 40 ቁጥር ላንድ ክሩዘር፣ ሞተሩ 4.2 ሊትር የሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የተሠራው ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነው። ዳገት ላይ ይደክማል፤ ዘይት ይጠጣል፤ ቤንዚን ይፈጃል። ወዳጆቹም «የናፍጣ ሞተር ግባበትና ተገላገል» ይሉታል። ነጋዴው በእጁ ገንዘብ አለው፤ ነገር ግን ያ ገንዘብ በኅዳርና በታኅሣሥ ማሽላው ሲወቃ እህል የሚገዛበት ገንዘብ ነው። ሞተር የሚገዛበትና እህል የሚገዛበት ከረጢት አንድ ከሆነ፣ በሞተሩ ላይ የሚደረገው ስሕተት በመኪናው ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም፤ የዓመቱን ንግድ ይዞ ይሄዳል።

በመጀመሪያ ሕመሙን ማወቅ

ሐኪም በሽታውን ሳያውቅ እግር እንደማይቆርጥ ሁሉ፣ ባለ መኪናም የሞተሩን ሕመም ሳያውቅ ሞተር መለወጥ የለበትም። ደክሟል ከሚባለው ሞተር ውስጥ ሕመሙ ከሌላ ቦታ የሆነው ጥቂት አይደለም።

አንደኛው የአየሩ ነገር ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከኃይሉ ከመቶ 10 እጅ ያህል ያጣል። ስለዚህ በቆቦ ሜዳ ላይ ከመቶ 15 እጅ ያህሉ ቀድሞውኑ የለም። ከአላማጣ ተነሥቶ በግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ ወደ ኮረም ለሚወጣ ሰው ደግሞ ጉድለቱ ወደ ከመቶ 25 እጅ ይጠጋል። ይህ የሞተሩ እርጅና ሳይሆን የአየሩ ስስነት ነው፤ አዲስ ሞተር ቢገባም አይቀርም።

ሁለተኛው የሙቀት ነገር ነው። በራያ ቆላ አቧራውና የማሽላው ገለባ ራዲያተሩን ከውጭ፣ ያልተጣራው ውኃ ደግሞ ከውስጥ ይደፍነዋል። ቺንጊያው ከላላ ቬንቲላተሩ አይዞርም። ሞተሩ ይግላል፤ ከጋለም ኃይል ያንሰዋል፤ በዚሁ ሁኔታ ሲነዳ ቴስታታው ይጣመምና ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። ባለቤቱ «ሞተሩ አለቀ» የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው በደል የራዲያተሩ መደፈን ነበርና፣ እርሱ ሳይታጠብ የገባ አዲስ ሞተርም በዚያው መንገድ ይሞታል።

ሦስተኛው በጭሱ የሚታወቀው ነው። ጥቁር ጭስ የሚወጣው ነዳጁ በዝቶ አየሩ ሲያንስ ነውና የአየር ማጣሪያውንና ካርቡሬተሩን መመርመር ይበቃ ይሆናል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል፤ ይህም ከፒስተኑ ፋሻ ወይም ከባልቦላው የሚመጣ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ በቤንዚን ሞተር ላይ ከታየ ውኃ ወደ ሲሊንደሩ መግባቱን ይነግራል።

ከሁሉ የሚሻለው ምስክር ግን የእመቃ ልክ ነው። መካኒኩ በየሲሊንደሩ የእመቃውን ኃይል በመለኪያ ያነባል። ስድስቱም ተቀራራቢ ከሆኑ ሞተሩ ገና አልሞተም። አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ከቀነሱ በዚያ ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ልኩ ከፍ ካለ ፋሻው አልቋል ማለት ነው፤ ከፍ ካላለ ጉድለቱ ከባልቦላው ወይም ከጓርኒሲዮኑ ነው። ይህ ሥራ ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም፤ ሆኖም ትልቅ ገንዘብ የሚያድን ሰዓት ነው።

ማደስ ምን ማለት ነው

ሲሊንደሩ ያለቀ ሞተር ሬቲፊካ ወደሚሠራበት ጋራዥ ሄዶ ይቦረቦራል፤ ከዚያም ግማሽ ሚሊ ሜትር ወይም አንድ ሚሊ ሜትር የሰፋ ፒስተን ከነፋሻው ይገባበታል። ኮሎው ተሞርዶ አዲስ ብሮንዚና ይገጠምለታል፤ ባልቦላዎቹ ይሳላሉ፤ የዘይቱ ፓምፕ ይመረመራል። ቀድሞ እስከ መጨረሻው ልክ የተቦረቦረ ከሆነ ካሚቻ የሚባለውን የሲሊንደር ልባስ ማስገባት ይቻላል። ሞኖብሎኩ ያልተሰነጠቀና ኮሎው ያልተሰበረ እንደ ሆነ፣ እንዲህ ያለው እድሳት በደንብ ከተሠራ ሞተሩን ለብዙ ዓመታት ይመልሰዋል።

የማደስ ጥቅሙ ሌላው ነገር ሁሉ በቦታው መቅረቱ ነው። ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ሱፖርቶው፣ ራዲያተሩ፣ የጭስ ማውጫው ከቀድሞው ሞተር ጋር የተስማሙ ናቸው። የሞተሩ ቁጥርም አይለወጥም። ጉዳቱ ደግሞ መኪናው የቀድሞ ጠባዩን ይዞ መቅረቱ ነው። ቤንዚን ይፈጅ የነበረው ከታደሰ በኋላም መፍጀቱን አይተውም፤ ጥቂት ይቀንስ ይሆናል እንጂ።

መለወጥ ምን ማለት ነው

ሞተር መለወጥ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በዚያው ዓይነት ሞተር መተካት ነው። ሁለተኛው በሌላ ዓይነት፣ አብዛኛውን ጊዜም ቤንዚኑን በናፍጣ መለወጥ ነው።

በላንድ ሮቨር በኩል ይህ ሥራ ከሌላው ይቀላል። ፋብሪካው የቤንዚኑንም የናፍጣውንም ሞተር በአንድ ልክ፣ ሁለቱንም 2,286 ሴንቲ ሜትር ኩብ አድርጎ የሠራቸው እኅትማማች ሞተሮች ስለሆኑ ያለ ብዙ ችግር ይተካካሉ። ነገር ግን የናፍጣው ኃይል ከቤንዚኑ ያንሳል፤ ነዳጅ ይቆጥባል እንጂ ዳገት አያፈጥንም። ከዚህ የበረታ አዲስ ሞተር የሚያስገቡም አሉ። በዚህ ጊዜ ጎማውን የሚያዞረው የውስጥ ዘንግ ለቀድሞው ሞተር ጉልበት የተሠራ ነውና በአሸዋ ውስጥ በኃይል ሲነዳ ሊሰበር ይችላል።

በላንድ ክሩዘር በኩል በሰፊው የሚፈለገው እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 4,164 ሴንቲ ሜትር ኩብ የናፍጣ ሞተር ነው። የሚፈለግበት ምክንያት ፍጥነቱ አይደለም፤ ኃይሉ 130 ፈረስ ግድም ነውና ከቀድሞው የቤንዚን ሞተር ብዙ አይበልጥም። የሚፈለገው የነዳጅ ፖምፓው በብረት ሥራ ብቻ የሚንቀሳቀስና ኮምፒዩተር የማያስፈልገው በመሆኑ፣ በዝቅተኛ ዙርም ጭነት በመጎተቱ ነው። ከዚህ ወዲህ የወጡት የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ያላቸው የናፍጣ ሞተሮች የበለጠ ኃይልና የበለጠ ቁጠባ ቢኖራቸውም፣ አንድ ትንሽ መልእክት ሰጪ ሽቦ ሲበላሽ መኪናውን ከነጭነቱ በጎሊና አሸዋ ላይ ያቆሙታል። በመፍቻ የማይድን ሞተር ለገጠር ነጋዴ አይበጅም።

የናፍጣም የራሱ ዕዳ አለው። ፖምፓውና ኢንጀክተሩ እጅግ ጠባብ በሆነ ልክ የተሠሩ ናቸው። በበርሜልና በጀሪካን ሲገለበጥ አቧራና ውኃ የገባበት ናፍጣ ሳይጣራ ከተቀዳ ፖምፓው ይበላሻል፤ እርሱንም የሚያስተካክለው ልዩ መለኪያ ያለው በትልልቅ ከተሞች ነው። የቤንዚኑን ካርቡሬተር ግን ጥሩ መካኒክ በዛፍ ጥላ ሥር ፈትቶ፣ ነፍቶ፣ መልሶ ይገጥመዋል። ይህ ልዩነት በሒሳቡ ውስጥ ሊገባ ይገባዋል።

የማይታየው ወጪ

ያገለገለ ሞተር ለመግዛት ብዙ ሰው ወደ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ወደ ሶማሌ ተራ ይሄዳል። በዚያ የሚነገረው ዋጋ የሞተሩ ዋጋ ብቻ ነው። ሞተር ግን ብቻውን አይሠራም። የተለየ ሞተር ሲገባ ሱፖርቶው በብየዳ ይለወጣል። ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ ካልገጠሙ የራሳቸው ይገዛሉ። ራዲያተሩ ካነሰ ይለወጣል። ናፍጣ ትርፉን ወደ ጋኑ ይመልሳልና አዲስ የመመለሻ ቱቦ ይዘረጋለታል። ሞተሪኖው 24 ቮልት ሆኖ መኪናው 12 ቮልት ከሆነ የኤሌክትሪኩ ሥራ ከእንደገና ይጀመራል። የናፍጣው ሞተር ስለሚከብድ የፊቱ ባሌስትራ ይጎብጣል።

በተለይ ሁለት ነገሮች ለሕይወት የሚያሰጉ በመሆናቸው ሊዘነጉ አይገባም። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ የሚፈጥረው ኃይል ፍሬኑን ይረዳል፤ የናፍጣ ሞተር ግን ይህ የለውምና ለፍሬኑ የተለየ የአየር መሳቢያ ፓምፕ ያስፈልገዋል። ሞተሩ ሲገዛ ይህ ፓምፕ አብሮ መኖሩን ማየት ግድ ነው። እንደዚሁም ከቁልቁለት ሲወረድ የቤንዚን ሞተር በማርሽ የሚይዘውን ያህል ተራ የናፍጣ ሞተር አይዝም። ከኮረም ወደ አላማጣ በግራ ካሕሱ ጭኖ የሚወርድ ሰው ይህን ልዩነት ፍሬኑን ሳያሳድስ በቁልቁለቱ ላይ ሊማረው አይገባም።

የወረቀቱም ነገር አለ። በመኪናው ሊብሬ ላይ የሻንሲው ቁጥርና የሞተሩ ቁጥር ተጽፏል። አዲሱ ሞተር የተገዛበት ሕጋዊ ደረሰኝ ተይዞ፣ ከሥራው በፊት ከመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ጋር ተነጋግሮ፣ ለውጡ በሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ባለቤቱ በቦሎ ጊዜ፣ በኬላም ሆነ መኪናውን ሲሸጥ ይቸገራል። ምንጩ ያልታወቀ ሞተር መግዛትም የተሰረቀ ዕቃ ባለቤት ሊያደርግ ይችላል።

ሒሳቡ በሊትር

የብር ዋጋ በሚለዋወጥበት ጊዜ ይህን የመሰለውን ጉዳይ በብር መቁጠር ያሳስታል። ከዚያ ይልቅ ወጪውንም ቁጠባውንም በነዳጅ ሊትር መቁጠር ይሻላል። ምክንያቱም ነዳጁ ሲወደድ መለዋወጫውም አብሮ መወደዱ የተለመደ ነው።

ከፍ ብሎ በምሳሌ የቀረበው ነጋዴ በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ይነዳል እንበል። የቀድሞው የቤንዚን ሞተር በ100 ኪሎ ሜትር 22 ሊትር ቢፈጅ በወር 220 ሊትር ይሆናል። የናፍጣው ሞተር በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ቢፈጅ በወር 130 ሊትር ነው። የሁለቱ ነዳጆች ዋጋ ሲቀራረብ ቁጠባው በወር 90 ሊትር፣ በዓመት 1,080 ሊትር ይመጣል።

አሁን ነጋዴው የሞተሩን፣ የካምቢዮውን፣ የብየዳውን፣ የኤሌክትሪኩን፣ የፍሬኑንና የወረቀቱን ወጪ ሁሉ ደምሮ በአንድ ሊትር ናፍጣ ዋጋ ያካፍል። ድምሩ 3,240 ሊትር ቢመጣ ገንዘቡ የሚመለሰው በ36 ወር ነው። 6,480 ሊትር ቢመጣ ስድስት ዓመት ይፈጃል። መኪናው በወር 1,000 ሳይሆን 400 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የወሩ ቁጠባ 36 ሊትር ብቻ ነውና፣ ያው 3,240 ሊትር የሚመለሰው በ90 ወር፣ ማለት በሰባት ዓመት ተኩል ይሆናል። እድሳቱ በ1,500 ሊትር የሚያልቅ ቢሆን በዚህ ሁለተኛ ነጋዴ ዘንድ ማደሱ ያለ ጥርጥር ይመረጣል። የቀረው 1,740 ሊትር ዋጋ በኅዳር ማሽላ ይገዛበታል። በሌላ አነጋገር፣ ብዙ የሚሄድ መኪና ሞተሩን ሊለውጥ ይችላል፤ ጥቂት የሚሄድ መኪና ግን ሞተሩን ያድስ።

ይህም ሁሉ የሚሠራው ሻንሲው ካልተሰነጠቀና ካልዛገ፣ ዲፈረንሲያሉና ካምቢዮውም ጤነኛ ከሆኑ ነው። ሻንሲው የበሰበሰ መኪና ማናቸውም ሞተር ቢገባበት የገንዘብ መቅበሪያ ነው። እንዲህ ያለው ለመለዋወጫነት ቢሸጥ ይሻላል።

ለአስመጪውና ለባለ ሱቁ

ከዚህ ጉዳይ አስመጪዎችና የመለዋወጫ ባለ ሱቆችም የሚያገኙት ትምህርት አለ። አሮጌ መኪና በሌላ በማይተካበት ዘመን የገበያው ፍላጎት ከሙሉ ሞተር ይልቅ ወደ ማደሻው ዕቃ ያደላል። ፋሻ፣ የሰፋ ፒስተን፣ ብሮንዚና፣ ጓርኒሲዮን፣ የውኃ ፓምፕ፣ የናፍጣ ማጣሪያና የኢንጀክተር ጫፍ ቦታ የማይፈጁ፣ ጭነታቸው የሚቀል፣ በጥቂት የውጭ ምንዛሪ ብዙ መኪና የሚያስነሡ ዕቃዎች ናቸው። አንድ ሙሉ ሞተር በሚገባበት ገንዘብ ለብዙ ሞተሮች እድሳት የሚበቃ ዕቃ ይገባል።

በወልድያና በቆቦ ያለ ባለ ሱቅም እነዚህን ዕቃዎች በመደርደሪያው ቢያኖር ለራሱም ለአካባቢውም ይጠቅማል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የዚህ መንገድ መዘጋት ምን እንደሚያስከትል የአካባቢው ነጋዴ በዓይኑ አይቷል። ከአዲስ አበባ አንድ ጓርኒሲዮን ሊመጣ በማይችልበት ጊዜ በቆቦ መደርደሪያ ላይ ያለው ጓርኒሲዮን ዋጋው በገንዘብ አይገመትም።

ጊዜውን መምረጥ

በመጨረሻ ሥራው መቼ ይሠራ የሚለው ከራሱ ከሥራው የማያንስ ነገር ነው። በሐምሌና በነሐሴ መረሬው መኪና ስለሚይዝ፣ ወንዞቹም ስለሚሞሉ መኪናው በአብዛኛው ቆሞ ይውላል። ሞተር የሚፈታው በዚህ ጊዜ ቢሆን መስከረምና ጥቅምት በቀላል ጭነት ለመፈተኛ ይተርፋሉ። አዲስ ፋሻ የገባለት ሞተር በመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከባድ ጭነት እንዳይጫንበት፣ ከዚያም ዘይቱ እንዲለወጥ ያስፈልጋልና፣ ኅዳር ሲደርስ ለማሽላው ዝግጁ ይሆናል። እስከ ኅዳር ቆይቶ እህሉ በአውድማ፣ ገዢው በደጅ ሲቆም ሞተር የሚያስፈታ ሰው ግን በችኮላ የተገኘውን ሞተር በተጠየቀው ዋጋ ይገዛል፤ በችኮላም ያስገጥማል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ያ ሥራ የሚፈታው ጭነቱ በመኪናው ላይ ሳለ፣ በአሸዋው መካከል ነው።

በምሳሌ የቀረበው ነጋዴ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ራዲያተሩን ያሳጥብ፤ እመቃውን ያስለካ፤ ሻንሲውን ከሥር ገብቶ ይመልከት፤ በወር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ በደብተር ይጻፍ። እነዚህ አራት ነገሮች ተሠርተው ሲያልቁ ሞተሩ ይለወጥ ወይስ ይታደስ የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በራሱ ይመልሳል። የእህሉም ገንዘብ ለእህሉ ይቀራል።